መሪን ከጎረቤቶቹ ጋር ማነጽ

የአመራር ፌሎሺፖች፣ ማለትም ተመርጠው የሚገቡባቸው የአመራር ሥልጠናዎች፣ የማመልከቻ ወቅት ሲደርስ ወጣቶች ጽሑፋቸውን አንብቤ አስተያየት እንድሰጣቸው ይልኩልኛል። አንዳንዶቹ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሌሎቹ በእነርሱ በኩል የመጡ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በራሳቸው ድርጅት የሚሠሩ ናቸው። ከማመልከቻዎቹ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ አመልካቹ የሚመራባቸውን እሴቶች እንዲገልጽ የሚጠይቀው። መልሱም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፦ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ሕዝብን ማገልገል። ይህን የሚጽፉት ወጣቶች አይዋሹም፤ ብዙዎቹን በቅርብ ስለማውቃቸው የጻፉትን ከልባቸው እንደሚያምኑበት እመሰክራለሁ። ሆኖም ከዚህ ዝርዝር ብቻ ተነሥቼ ሥልጣን እጁ ሲገባ ጸንቶ የሚቆመው የትኛው እንደሆነ መለየት አልችልም፤ መራጮቹም ይችላሉ ብዬ አላምንም።

እሴትን መሠረት ያደረገ አመራር የሚለው ሐሳብ በአፍሪካ ፌሎሺፖች ዘንድ ከተለመደ ሃያ ዓመት አልፎታል። በእኔ እምነት የእነዚህ ፕሮግራሞች ዋና ሥራ እሴት ማስተማር ሊሆን አይችልም፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ክፉና ደጉን ከወላጆቹ፣ ከእምነቱና ካደገበት ሰፈር ይዞ ነው የሚመጣው። የሚጎድለው ሌላ ነው። ጽኑ እምነት ያለው ሰው፣ እምነቱ ከእርሱ ከሚለይ ሌላ ጽኑ ሰው ጋር ተቀምጦ፣ ሳይንቀውና ሳይፈራው፣ አብሮት መወሰንን ሲለማመድ እምብዛም አይታይም። ይህን ልምምድ የሚሰጥ ቦታ በየአገሩ ውስጥ ለማቋቋም አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የተለያዩ ጎረቤት አገሮችን ሰዎች በአንድነት የሚያሠለጥን ፌሎሺፕ ትልቅ ዋጋ አለው እላለሁ።

ይህን የምለው የራሳችንን ታሪክ እያሰብኩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ። በ1958 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ላይ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚማሩበትን ነጻ የትምህርት ዕድል ፈቀዱ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑትና በ1990 በግፍ የተገደሉት ሮበርት ኡኮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የተከታተሉት አዲስ አበባ ነበር። በዘመኑ ፌሎሺፕ የሚል ስም አልተሰጠውም እንጂ በተግባር ያው ነበር፤ የአህጉሪቱ የነገ መሪዎች በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች የመጡት ከቅኝ ገዥ ጋር ሲታገሉ ከነበሩ አገሮች ስለሆነ ስብሰባና ክርክር የለመዱ ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸውን ዝምታም በግልጽ ይጠይቁ ነበር። የኢትዮጵያን የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ምሁራን የእነዚህን እንግዶች ተጽዕኖ ሳይጠቅሱ አያልፉም።

ከዚያ በ1964 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነበት። ከከተማ ያልወጣው ወጣት የጭሰኛውን ኑሮ፣ የባላባቱን እህል አሰባሰብና የወረዳ ፍርድ ቤቱን ደጅ በዓይኑ አየ። በ1965 የካቲት ወር «መሬት ላራሹ» በሚል መፈክር ወደ ፓርላማው የተደረገው ሰልፍ ደግሞ ንቅናቄው ምን ያህል እንደተለወጠ አሳየ። አንድን ወጣት መሪ የሚያደርገውን ነገር ፈልጎ ለሚመራመር ሰው እነዚህ ሁለት ሥራዎች፣ ማለትም ከሌላ አገር ልጅ ጋር መኖርና የሕዝብን ኑሮ ቀርቦ ማየት፣ ዛሬም ድረስ የሚበልጣቸው ዘዴ የተገኘ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የዚያ ትውልድ ፍጻሜ የታወቀ ነው። እሴት አላነሰውም፤ ለማያውቀው ገበሬ የተቆረቆረ፣ ለእምነቱ ሕይወቱን ለመስጠት ያልሳሳ ትውልድ ነበር። ኢሕአፓና መኢሶን ውስጥ የተሰለፉት ሰዎች ያነበቧቸው መጻሕፍት ተመሳሳይ፣ የተማሩባቸው ክፍሎች አንድ፣ የተመኙት ለውጥም የተቀራረበ ነበር። በዋናነት የተለያዩት ከደርግ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ይኑረን በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ከ1976 ጀምሮ ልዩነቱ ወደ ግድያ ተሸጋገረ፤ ቀይ ሽብርም መጣ፤ ደርግ መጀመሪያ አንደኛውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን አጠፋ። ጽኑ እምነት፣ ከሌላው ጽኑ እምነት ጋር አብሮ የመቀመጥ ልማድ ሳይኖረው ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም «እሴት ያላቸው መሪዎችን አፈራለሁ» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ተቃራኒዎችን በአንድነት ያስቀምጣል ወይ የሚል ነው።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በስቴለንቦሽ አቅራቢያ ሞንት ፍለር የሚባል የስብሰባ ማዕከል አለ። በ1991 እና በ1992፣ ማንዴላ ከእስር ከወጡ በኋላና የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ ምርጫ ከመካሄዱ በፊት፣ 22 ሰዎች እዚያ በተለያዩ ጊዜያት ተሰበሰቡ። ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ ከፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከትልልቅ ኩባንያዎችና ከዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ነበሩ። የተሰጣቸው ሥራ ስምምነት መፈረም አልነበረም፤ አገሪቱ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ምን ልትሆን እንደምትችል አብረው እንዲተርኩ ነበር። አራት መንገዶችን ጻፉ። በአንደኛው የነጮቹ መንግሥት እንደ ሰጎን ራሱን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ድርድርን እምቢ ይላል፤ በሁለተኛው ሽግግሩ ይራዘምና አገሪቱ ክንፏ እንደተሰበረ ዳክዬ ትሆናለች፤ በሦስተኛው አዲሱ መንግሥት ለሕዝቡ ፍላጎት ሲል ያለ አቅሙ እያወጣ በግሪክ ተረት እንዳለው ኢካሩስ ወደ ፀሐይ ተጠግቶ ይወድቃል፤ በአራተኛው እንደ ፍላሚንጎ መንጋ ቀስ ብሎ፣ አብሮ ይነሣል። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የነበሩት የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ሰዎች፣ ትሬቨር ማኑዌል ከ1996 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ቲቶ ምቦዌኒ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ የብሔራዊ ባንኩ ገዥ ሆኑ። ሦስተኛው ትረካ የመንግሥት ወጪን በጥንቃቄ በመያዝ ረገድ በእነዚህ ሰዎች አስተሳሰብ ላይ አሻራውን እንዳሳረፈ ብዙ ተብሏል። ልብ በሉ፤ ማስጠንቀቂያው የተነገረው ለራሳቸው ወገን ነበር፤ የተነገረውም ገና ሥልጣን ሳይዙ ነው። በሌላ ቦታ ከባላንጣ አፍ ቢሰሙት ኖሮ ስድብ ይሆንባቸው ነበር።

የሊቀ ጳጳስ ቱቱ የአመራር ፌሎሺፕ ከሁለቱ የሥልጠና ቆይታዎቹ አንደኛውን በዚሁ በሞንት ፍለር ማካሄዱን የወደድኩለት ስለዚህ ነው። ፌሎሺፑን የሚያዘጋጀው በ2003 የተቋቋመው የአፍሪካ አመራር ኢንስቲትዩት ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ፌሎዎች የተቀበለው በ2006 ነው። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 39 የሆኑ፣ ከመላው አፍሪካ የተመረጡ፣ በሥራቸው ላይ አንድ ደረጃ የደረሱ ሰዎች ይገቡበታል። ሁለተኛው ቆይታ በኦክስፎርድ ነው። በመካከሉ እያንዳንዱ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሠራውን የራሱን ፕሮጀክት ይዞ ይቀጥላል፤ ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቹ ጋርም በርቀት የቡድን ሥራ ይሠራል። ይህ መሄድና መመለስ በጣም አስፈላጊ ይመስለኛል። አንድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በሚያምር ግቢ ውስጥ ስለ ፍትሕ ሲነጋገር ከቆየ በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቢሮ ካላየው፣ የተማረው ነገር ክብደት አይታወቀውም።

ፌሎሺፑ የቱቱን ስም መያዙም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዴዝሞንድ ቱቱ በ1984 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት አፓርታይድን በመቃወማቸው ነው። የእኔን አክብሮት ይበልጥ የሳበው ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑን ሲመሩ የነጻነት ታጋዮቹም የፈጸሙት በደል በአደባባይ እንዲመረመር አደረጉ፤ ይህም የራሳቸውን ወዳጆች አስቆጥቷል። በ2011 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ለቲቤቱ መንፈሳዊ መሪ ለዳላይ ላማ በወቅቱ ቪዛ ባለመስጠቱ የትናንት የትግል ጓዶቻቸውን በኃይለ ቃል ገሠጹ። ጠላትን መቃወም ድፍረት ይጠይቃል፤ ወገንን መገሠጽ ግን ከድፍረትም በላይ ብቸኝነትን መቀበል ይጠይቃል። በ2021 ታኅሣሥ 26 ቀን እስኪያርፉ ድረስ የፌሎሺፑ የበላይ ጠባቂ ነበሩ።

ሌላው በቅርብ የምከታተለው የአፍሪካ አመራር ኢኒሼቲቭ የምሥራቅ አፍሪካ ቅርንጫፍ ነው። ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ በ2019 ያረፉት ታንዛኒያዊው የንግድ ሰው አሊ ሙፉሩኪ ነበሩ። የሥልጠና ዘዴውን የወሰደው ከአሜሪካው አስፐን ኢንስቲትዩት ነው፤ ሃያ ያህል ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከፕላቶ ጀምሮ እስከ ማርቲን ሉተር ኪንግና ማንዴላ ድረስ የተመረጡ አጫጭር ጽሑፎችን አስቀድመው አንብበው ይመጣሉ፤ አወያዩም ትምህርት ሳይሰጥ ይጠይቃል። መጀመሪያ ስሰማው ለሥራ አስኪያጅ ፍልስፍና ማስነበብ ጊዜ ማባከን ይመስላል የሚል ሰው አጋጥሞኝ ነበር። እኔ ግን ጥቅሙን በቀላሉ ተረዳሁት። ሁለት ሰዎች ስለ ራሳቸው አገር ፖለቲካ በቀጥታ ቢከራከሩ ሁለቱም ወገናቸውን ለመከላከል ይሰለፋሉ። በእጃቸው ያለው የሌላ ዘመንና የሌላ አገር ጽሑፍ ሲሆን ግን፣ እኩልነት ይቅደም ወይስ ነጻነት፣ ሕግ ይከበር ወይስ ሕሊና የሚለውን ጥያቄ ሳይፈራሩ ያነሡታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ ራሳቸው እየተነጋገሩ እንደሆነ ይገባቸዋል። በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ሊቃውንቱ ለአንድ ንባብ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ ያቆማሉ፤ አንደኛው ሌላውን አይሽረውም፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉንም ይዞ መሄድ አለበት። አንድ ሰው ሌላው ያለውን ሳይሽር የራሱን ማቆም ከቻለ ካቢኔም ቦርድም መምራት ይችላል።

ወደ ጎረቤቶቻችን ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ምሳሌ ያሊ እየተባለ የሚጠራው የአፍሪካ ወጣት መሪዎች ኢኒሼቲቭ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2010 የጀመረው ሲሆን፣ በ2014 የመጀመሪያዎቹን 500 የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎዎች ለስድስት ሳምንት ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወሰደ። በኋላም ይህን ያህል ሰው በየዓመቱ ባሕር ማሻገር እንደማይበቃ ታይቶ በአክራ፣ በዳካር፣ በናይሮቢና በፕሪቶሪያ ክልላዊ ማዕከላት ተከፈቱ። በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የናይሮቢ ማዕከል እንዲያገለግል የታሰበው ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያን፣ ጅቡቲን፣ ሱዳንንና ደቡብ ሱዳንን ጨምሮ 14 አገሮችን ነው። ከዚያ የተመለሱ ወጣቶችን ስጠይቅ ስለ ንግድ ዕቅድ አዘገጃጀት ወይም ስለ ሕዝብ አስተዳደር የተማሩትን ባጭሩ ነግረውኝ ያልፋሉ፤ ረጅሙ ወሬያቸው ስለ መኝታ ክፍልና ስለ ምግብ አዳራሽ ነው። አንዱ ከሞቃዲሾ የመጣ ልጅ ስለ ኢትዮጵያ ጦር ምን እንደሚያስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሰማ። ሌላዋ ከጁባ ከመጣች ነርስ ጋር አንድ ክፍል ተመድባ፣ በጋምቤላ በኩል የሚሻገሩ ስደተኞችን ጉዳይ ከወዲያኛው ወገን ሆና አየችው። በጋዜጣ የምናነበው ጎረቤት ቁርስ ሲበላ አይታይም፤ ከእርሱ ጋር ቁርስ የበላ ሰው ደግሞ ኋላ በኃላፊነት ቦታ ሲቀመጥ፣ ከሥጋትም ከጭፍን ወዳጅነትም የራቀ ግምት ይኖረዋል።

ነገር ግን የዚህን ፕሮግራም አንድ ጉድለት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ያሊ የተነደፈው ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮች ነው። ስለዚህ ለናይሮቢው ገበታ ሱዳናዊ ይጋበዝ ነበር፤ ግብፃዊ ግን አይጋበዝም ነበር። ኢትዮጵያ የሕዳሴውን ግድብ በ2011 መገንባት ጀምራ በ2025 መስከረም እስክትመርቀው ድረስ ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ በአባይ ጉዳይ ከማንም በላይ መነጋገር የነበረባቸው ወጣት መሐንዲሶች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች በዚያ ገበታ ሊገናኙ አልቻሉም ማለት ነው። በ2015 በካርቱም ሦስቱ አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ፣ ስለ ግድቡ የተስማሙበት የመርሖች መግለጫ ሲፈረም የተገናኙት መሪዎችና ሚኒስትሮች ናቸው፤ ከእነርሱ በታች ባለው እርከን ያሉት ባለሙያዎች ከድርድር አዳራሽ ውጭ የሚተዋወቁበት ቦታ ጠባብ ነበር። ለአንድ ፌሎሺፕ የሚጠቅመው ድንበር ገንዘብ ሰጪው ካርታውን የሚከፍልበት ሳይሆን ችግሩ የሚገኝበት ነው። የእኛ ክልል ለውኃ ሲባል ካይሮን ይጨምራል፤ ለሠራተኞቻችን ጉዳይ ሲባል ደግሞ ሪያድንና ቤይሩትን ሳይቀር ሊጨምር ይገባዋል። በገልፍ አገሮች ከተቀጠሩ እህቶቻችን ጋር የሚሠሩ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ባለሙያዎች የሚጋፈጡት የከፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስተሳስረው አሠራር፣ አንድ ዓይነት ነው፤ አብረው ሲማሩ ግን አላየሁም።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልድረስ፤ እርሱም ተመልሶ መምጣት ነው። ፌሎው በአየር ማረፊያ ወርዶ ወደ ቢሮው ሲገባ የሚጠብቀው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ማኅበረሰብ ነው። ይህን የሚሉት ክፉዎች ብቻ አይደሉም፤ የሚወዱት አጎቶቹና አክስቶቹ፣ ትምህርት ቤት የከፈሉለት፣ ልጃቸውን እንዲያስቀጥርላቸው የሚጠብቁ ዘመዶቹ ናቸው። ታማኝነት የሚለውን እሴት በማመልከቻ ላይ ሲጽፍ ከእርሱ ጋር የሚጋጨው ሌብነት ብቻ ይመስለው ነበር። በተግባር የሚጋጨው ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ እሴት፣ ከውለታና ከዝምድና ግዴታ ጋር ነው። ይህን ግጭት የማያነሣ የእሴት ሥልጠና ተማሪውን ለፈተናው አላዘጋጀውም።

የማውቃት አንዲት ወጣት በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። ከፌሎሺፕ በተመለሰች በጥቂት ወራት ውስጥ ለአንድ ጨረታ የወጣው የቴክኒክ መስፈርት አንድ አቅራቢ ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ እንደተጻፈ አስተዋለች። አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እርሱም ከላይ ታዞ ነው። በዚያች ሌሊት የደወለችው አብራት ለሠለጠነች፣ በካምፓላ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላለች ባልደረባዋ ነበር። ኡጋንዳዊቷ ጀግና ሁኚ አላለቻትም፤ መመሪያው ለኮሚቴ አባል ምን መብት ይሰጣል ብላ ጠየቀቻት። በማግሥቱ ወጣቷ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተቃውሞዋን በእርጋታ አቀረበች፤ የልዩነት ሐሳቧም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አድርጋ ፈረመች። ጨረታው እንደገና እንዲታይ ሆነ፤ እርሷ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ተዛወረች። ዋጋ ከፍላለች። ግን ብቻዋን አልነበረችም፤ ከድርጊቷ በፊትም በኋላም የሚደውሉላት ሰዎች ነበሯት። አንድን ፌሎሺፕ እንድመዝን ብጠየቅ ከምረቃው ሦስት ዓመት በኋላ በእንዲህ ያለ ሌሊት ስንት ስልክ እንደተነሣ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የተመራቂዎቹ ማዕረግ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ምርጫውም በዚሁ መሠረት ቢለወጥ እመኛለሁ። ዛሬ የሚመረጠው በአብዛኛው እንግሊዝኛው የሰላ፣ የረድኤት ድርጅቶችን አነጋገር የለመደ፣ የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ልጅ ነው። በደቡብ ኦሞ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን የሚመራ፣ በወሎ የእህል ኅብረት ሥራ ዩኒየንን የምታስተዳድር ሰው የማመልከቻውን ማስታወቂያ እንኳ አያዩትም፤ ቢያዩትም ለእነርሱ የተጻፈ አይመስላቸውም። የድጋፍ ደብዳቤም ከአለቃ ብቻ ይጠየቃል። እኔ ብሆን ከሁለቱ ደብዳቤዎች አንዱ አመልካቹ ይመራቸው ከነበሩ ሠራተኞች እንዲመጣ አደርግ ነበር፤ ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ጀማሪው ባለሙያ ስለ አንድ ሰው እሴት የሚያውቁትን አለቃው አያውቀውም። እሴቶችህን ዘርዝር ከሚለው ጥያቄ ይልቅም፣ ትክክል ነው ብለህ ላመንከው ነገር ምን ጥቅም ቀርቶብሃል ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስተምራል። ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ ከ18 ዓመት ጀምሮ የሚቀበሉትን ፕሮግራሞች አልቃወምም፤ ነገር ግን ፊርማው የሰው ኑሮ የሚነካ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ከእንዲህ ዓይነቱ ውይይት የሚያተርፈው ይበልጣል፤ የሚከራከርበት የራሱ ጉዳይ አለውና።

ስለ ገንዘብ ሳላነሣ ብተወው ሐሳቤ ጎደሎ ይሆናል። የሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን ከ2007 ጀምሮ በሥልጣን ዘመናቸው መልካም ሠርተው በሕግ መሠረት ለወረዱ የአፍሪካ መሪዎች ሽልማት ይሰጣል፤ ሽልማቱ ሲመሠረት 5 ሚሊዮን ዶላር በ10 ዓመት ተከፋፍሎ፣ ከዚያም በየዓመቱ 200 ሺህ ዶላር ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነበር። በብዙ ዓመታት ለዚህ የሚበቃ ሰው ሳይገኝ ቀርቷል። ሽልማቱን አከብራለሁ፤ ሆኖም የስድሳና የሰባ ዓመት ሰው ሽልማት አይቶ አይለወጥም። ይኸው ፋውንዴሽን ወጣት አፍሪካውያን በአፍሪካ ልማት ባንክና እዚሁ አዲስ አበባ ባለው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከከፍተኛ ኃላፊዎች አጠገብ ሆነው አንድ ዓመት እንዲሠሩ ያደረገበት ፌሎሺፕ በእኔ ዓይን ይበልጣል፤ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን ያየ ሰው የት ላይ እንደሚበላሽም ያያል።

በ2025 ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አግዶ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ሥራውን ሲያቆም፣ የያሊ ማዕከላትን ጨምሮ በእርሱ ድጋፍ ይካሄዱ የነበሩ ሥራዎች ሁሉ ምን ዓይነት መሠረት ላይ እንደነበሩ ታየ። እሴትን መሠረት ያደረገ የአመራር ሥልጠና በሌላ አገር ምርጫ ውጤት የሚወሰን ሊሆን አይገባውም። ለሃያ ሰው የሚሆን ክልላዊ ፌሎሺፕ የአንድ ትልቅ ባንክ ዓመታዊ የማስታወቂያ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ፣ ሰላም ሲወርድም በካርቱም፣ በካምፓላና በካይሮ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የመኝታ ክፍሎቻቸውን በክረምት ዕረፍት ቢያበድሩ፣ ባንኮችና አየር መንገዶች የጉዞውን ወጪ ቢከፍሉ፣ ቀድሞ የሠለጠኑት ሰዎች ከደመወዛቸው ጥቂት እያዋጡ የሚቀጥለውን ዙር ቢደግፉ ሥራው ይጀመራል።

የመጀመሪያውን ዙር እኔ ብመርጥ ኖሮ ሃያዎቹንም ከአንድ ጉዳይ ላይ እሰበስባቸው ነበር፤ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከግብፅ የውኃ መሐንዲሶች፣ የመስኖ ገበሬዎች ማኅበር መሪዎች፣ የግድብ ሠራተኞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ዘጋቢዎች፤ ከደቡብ ሱዳንና ከኡጋንዳም ጥቂት። በአንደኛው ቆይታ ባሕር ዳር ላይ፣ በሁለተኛው አስዋን ላይ ይገናኛሉ። ስምምነት እንዲያወጡ አይጠየቁም። በ2040 ወንዙ ምን እንደሚመስል አራት ትረካ እንዲጽፉ፣ በእያንዳንዱ ትረካ ውስጥም የራሳቸው አገር የሚሠራውን ስሕተት ራሳቸው እንዲጽፉት ይደረጋል።